ክረምት በምግብ ጠረጴዛ ላይ

በዚያ ቤት ጠረጴዛ ላይ እራት ከተበላ ስንት ጊዜው! ቤተሰቡ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሶፋ ላይ መብላት ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል፤ ጠረጴዛውን ክረምት ይዞታል። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ጨርቅ ተነጥፎ ወንዝ ሆኗል። በወንዙ ላይ ከጫማ ካርቶን የተሠራ ድልድይ አለ፤ በድልድዩ ሥር ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈባቸው የወረቀት ጀልባዎች ተሰልፈዋል። ከመብራቱ ላይ ደግሞ የወረቀት ጠብታዎች በክር ተንጠልጥለዋል፤ በእያንዳንዱ ጠብታ ላይ አንድ ፊደል። እዚያ አካባቢ ጎንበስ ያለ ሰው «ለ» ወይም «መ» ግንባሩን ሳይመታው ቀና አይልም።

የዚህ ሁሉ ጉድ ባለቤት አያትየው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በአየር ጠባይ ጣቢያ ዝናብ ሲለኩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ ከሰው ይልቅ ሰማይ ስለሚያዩ ሰላምታ ያመልጣቸዋል፤ የሰፈሩም ሰው «አቶ ደመና» ብሎ ስም አወጣላቸው። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብላ «አቶ ደመና፣ ዛሬ ልብስ ልጠብ ወይስ ልተወው?» ስትላቸው ይቆጣሉ። «እኔ የወረደውን ነው የምለካው! የሚወርደውን ላኪውን ጠይቂ!» ይሏታል። ቁጣቸውም ያለ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስተው ለልጃቸው ሰርግ «ጠብ አትልም» ብለው ተናገሩ፤ ድንኳኑ ከነወንበሩ በጎርፍ ተንሳፈፈ። ልጃቸው እስከ ዛሬ ድረስ ታነሳባቸዋለች።

ይህችው ልጃቸው የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤት ከሚያድርበት ቀን የማያድርበት ይበልጣል። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው። ጥሩ ስም ወጥቶላት ነበር፤ ነገር ግን ያየችውን ሁሉ ካልጠየቀች እንቅልፍ ስለማይወስዳት «መርማሪ» ሆና ቀረች። ትንሹ አራት ዓመቱ ነው። ጉንጩን ያየ ሁሉ መቆንጠጥ ያምረዋልና «ድንቡሼ» ይሉታል።

አምና መርማሪ ደረቷን ክፉኛ አመማት። ሐኪሙ «ይህን ዓመት ቤት ትቆይ፣ ትምህርቱ ይደርሳል» አለ። እናትየው ሥራዋን እንዴት እንደምታደርገው ጨንቋት ስታለቅስ አያትየው «ምን ያስለቅስሻል? እኔ አለሁ አይደል?» አሉ። እውነቱን እንናገር ካልን ከልጅቷ ይልቅ የዳኑት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ብሏቸው፣ ግድግዳ እያዩ ሻይ ሲጠጡ ይውሉ ነበር።

ታዲያ አስተማሪ አይደሉምና የሚያውቁትን ይዘው ተነሡ። የሚያውቁት ደግሞ ወቅት ነው። በበጋው ጠረጴዛው የአቧራ ነበር፤ ዘይት የተቀባ መስታወት መስኮት ላይ ያውሉና ማታ ማታ የተለጠፈውን ብናኝ በማጉያ መነጽር ያስቆጥራሉ። መርማሪ እስከ መቶ መቁጠር የተማረችው እንዲያ ነው። የነፋስ ወር ሲመጣ በረንዳው ላይ የወረቀት ጭራ አሰሩ፤ ቀኝና ግራዋን፣ ምሥራቅና ምዕራቧን ለየችበት። ቅጠል ሲረግፍ ደግሞ ቅጠሉን ወለሉ ላይ በፊደል ቅርጽ እየደረደሩ ያስነብቧት ነበር። አንድ ቀን እናትየው ከሥራ ስትገባ ስሟ ከበሩ እስከ መኝታ ቤቱ በደረቅ ቅጠል ተጽፎ ጠበቃት። እንባዋ መጣ፤ ቀጥላ ደግሞ መጥረጊያ አነሣች።

ክረምት ሲገባ ግን ሰውዬው ራሳቸው ልጅ ሆኑ። ጓሮ ውስጥ፣ ከጉልበት ዝቅ ባለ እንጨት ላይ የዝናብ መለኪያ ተክለዋል፤ ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤታቸው የሰጣቸው አሮጌ ቆርቆሮ ነው። ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ባለው ብርጭቆ ይገለብጡና ያነቡታል። ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። ለሦስት አምስት ጉዳይ አይሆንም፣ ሦስት ሰዓት ከአምስትም አይሆንም። «ጎንበስ በዪ፣ ዓይንሽን ከውሃው እኩል አድርጊ፣ ያየሽውን ጻፊ» ይሏታል። «ያላየሽውን የጻፍሽ ዕለት ደብተሩን ወስደሽ እሳት አቀጣጥዪበት፤ ሌላ አይረባም።»

አንድ ጠዋት መርማሪ እርሳሷን እያኘከች ቆመች።

«አባባ፣ ትናንት አካፍቶ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ግን ምንም የለም። ባዶ ልበል?»

«ወርዷል አልወረደም?»

«ወርዷል። አፍንጫዬን ነክቶኛል።»

«ታዲያ ወርዶ ባዶ ትይዋለሽ? ለመለኪያው አነሰ እንጂ አልቀረም! እንዲህ ላለው ‹ጠ› ብለሽ ትጽፊያለሽ። ጠብታ ማለት ነው። እኛ ጣቢያ ጠ መጻፍ ሰልችቶት ባዶ የሚጽፍ ሰው ከእኔ ጋር ሻይ አይጠጣም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ካፊያ በጣለ ቁጥር ልጅቷ «ጠ!» እያለች ትጮኻለች፤ ድንቡሼም ከኋላዋ «ጠ! ጠ!» እያለ ጓሮውን ይዞራል። ይጮኻል እንጂ ፊደል የሚባል ነገር ገና አልገባውም። አያትየው ከመብራቱ የተንጠለጠለ ጠብታ ይዘው «ይሄ ማን ነው?» ሲሉት የትኛውንም አይቶ «ዝናብ!» ይላል። አይቆጡትም። «ልክ ነህ፣ ዝናብም ነው» ይሉትና ያልፋሉ።

እንዲህ እየሄደ ሳለ አንድ ምሽት እናትየው ሻይዋን ስታነሣ ስኒው ውስጥ ጀልባ ቁጥር ሰባት ተንሳፍፎ አገኘች። ስኒውን አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው» አለች። «ዓመቱን ሙሉ አቧራ፣ ቅጠል፣ ውሃ! የሚማሩት መቼ ነው?»

«ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ጨዋታ ነው። ደስ የሚል ጨዋታ ነው፣ ግን ጨዋታ ነው። አንደኛ ክፍል እኮ አመለጣት! እኩዮቿ ሁለተኛ ሊገቡ ነው።» ቀጥላም የከበዳትን ተናገረችው። «የሰፈሩን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት አነጋግሬአታለሁ። ክረምቱ ሲያልቅ፣ በመጨረሻው ቅዳሜ መጥታ ታያታለች። ሁለተኛ ክፍል ትገባለች ካለች ጥሩ። ካልሆነ ግን ሁለቱንም ሥራ ቦታዬ አጠገብ ያለው የሙሉ ቀን ትምህርት ቤት አስገባቸዋለሁ። ጠዋት ከእኔ ጋር ይወጣሉ፣ ማታ ከእኔ ጋር ይገባሉ።»

አያትየው አልተከራከሩም። ጠዋት ወጥተው ማታ ሲገቡ በመካከሉ ስንት ሰዓት እንዳለ ቆጠሩት። የቁጥር ሰው መሆን አንዳንድ ጊዜ መርገም ነው።

ከዚያ በኋላ ለዚያ ቅዳሜ መዘጋጀት ሆነ ሥራቸው። አሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ርዕሰ መምህርቷ ልክ በሦስት ሰዓት ጓሮ ትወጣለች፣ ልጅቷ ዝናቡን ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ትደምራለች፤ ሴትዮዋ አፏን ይዛ ትቀራለች። ምን ይሆናል! ቅዳሜው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ዝናቡ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ሰማዩ ታጥቦ እንደተሰጣ አንሶላ ሆነ። ባዶ። በነጋታው ባዶ። በማግሥቱም ባዶ። አያትየው ሰማይ ሰማይ እያዩ አንገታቸው ሊቀነጠስ ደረሰ። መርማሪ ባዶ በጻፈች ቁጥር ይተነፍሳሉ፤ ድንቡሼ ደግሞ በተነፈሱ ቁጥር ቀና ብሎ ያያቸዋል።

ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ልጆቹ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዘው ጓሮ ወጡ። መለኪያው አጠገብ ቆሙ። ትንሽ ብቻ፣ አምስት ስድስት ሚሊሜትር፣ ማን ያውቃል? ልብ በሉ፣ እኚህ ሰው በሥራ ዘመናቸው ትኩሳት ይዟቸው እንኳ በጭቃ እየዳሁ ሄደው ያነበቡ ሰው ናቸው። ጆጉን አዘነበሉት። ከዚያ ግን መልሰው አቀኑት፣ «ቱ! አንተ ሽማግሌ!» አሉና ውሃውን ከአበባው ሥር ደፍተው ገቡ። ያያቸው ሰው ያለ አልመሰላቸውም። በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ሁለት ክብ ጉንጮች ተለጥፈው ነበር።

ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ርዕሰ መምህርቷ መጣች። ቀጠን ያለች፣ በመነጽሯ ላይ አሻግራ የምታይ ሴት ናት። ገና ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ከማለቷ አንዱ ጠብታ መጥቶ ግንባሯን ነካት።

«ይህቺ ደግሞ ማናት?» አለች።

«ሸ ናት» አለች መርማሪ። «ሸረሪት፣ ሸክላ፣ ሸክም። ቲቸር፣ አሁን ሦስት ሰዓት ስለሆነ መውጣት አለብን።»

ወጡ። ከፊት አያትየው፣ ቀጥላ መርማሪ ደብተሯን ታቅፋ፣ ከዚያ እንግዳዋና እናትየው፣ በመጨረሻ ድንቡሼ በሁለት እጁ አፉን ግጥም አድርጎ ይዞ። አያትየው ባዶ ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱ። ቆርቆሮው ከበዳቸው። ልባቸው ዘለለ።

«ዘንቧል!» አሉ። ብርጭቆው ላይ ገለበጡት፣ ጎንበስ አሉ፣ ድምፃቸው የጎረምሳ ድምፅ ሆነ። «ሠላሳ አንድ! ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር! እኛ ተኝተን እሱ ሲወርድ አድሯል! ተመልከቱልኝ! ጻፊ የኔ ልጅ!»

ሰው የተመኘውን ሲያገኝ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ሠላሳ አራት ዓመት ዝናብ የለኩት ሰው ጫማቸው ላይ ያለውን አቧራ አላዩም። መርማሪ ግን አየችው። እርሳሷን ይዛ ቆመች፣ ወደ ልብስ መስጫው ገመድ ዞረች።

«አባባ፣ የእማዬ ጋውን ደረቅ ነው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ትናንት ሳይገባ ውጪ ነው ያደረው። ደረቅ ነው።» ቁጢጥ ብላ መሬቱን በመዳፏ ነካች። «መሬቱም ደረቅ ነው። አልዘነበም።»

«ጻፊ ስልሽ ጻፊ!» ብለው ጮሁ።

በዓመቱ ውስጥ አንድም ቀን ጮኸውባት አያውቁም። ልጅቷ ወደ ደብተሯ አቀረቀረች። እርሳሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ያላየሁትን አልጽፍም» አለች፤ ድምፅዋ ክር ሆነ።

ርዕሰ መምህርቷ ወደ ሰማይ ቀና አለች። ደመና የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ብርጭቆውን አየች፣ ከዚያ አያትየውን። የምታስበው ፊቷ ላይ ተጽፏል። እናትየው ናት የተናገረችው።

«አባዬ?» አለች።

ይህችው አንዲት ቃል ናት። ሰውዬው ክው አሉ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው እኔ አይደለሁም» ሊሉ ነበር፤ የትናንቱ ጆግ ትዝ ብሏቸው መሐላውን ተዉት።

«እኔ ነኝ ያዘነብኩት!» አለ ድንቡሼ፣ እጁን ከአፉ አንሥቶ። ምሥጢሩ ከጠዋት ጀምሮ ሲያፍነው ነበርና ዘሎ መሃል ገባ። «በወተት ኩባያዬ! ሁለት ጊዜ! ምንም አላፈሰስኩም!»

«አንተ? ለምን?» አለች እናቱ።

«አባባ ትናንት ሊያዘንብ ነበር። ጆግ ይዞ መጣ። ከዛ ረሳና አበባው ላይ ደፋው። እኔ ጨረስኩለት።»

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ የዚህኛው ለሰፈሩ ሁሉ የሚተርፍ ነበር። አያትየው መካድ ይችሉ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ምን ያላወራው ነገር አለ? ግን ከሁሉ በላይ ያቺ እርሳስ ይዛ የቆመች ልጅ እያየቻቸው ነው። የጓሮው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

«እውነቱን ነው» አሉ። «አልረሳሁም፤ አፈርኩ እንጂ። በሥራዬ ዘመን አንዲት ጠብታ ጨምሬ አላውቅም። ትናንት ግን ጆጉን ይዤ እዚያ ጋ ቆሜያለሁ።» ወደ ልጃቸው ቀና አሉ። «እነዚህን ከወሰድሽብኝ ቀኑን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ከዚያ እሳቸው ወደ መርማሪ ዞሩ።

«አንቺ ልክ ነሽ። እኔ ግራ ቀኙን ሳላይ አነበብኩ፤ ሳያንሰኝ ደግሞ ጮህኩብሽ። ይቅር በዪኝ፣ የኔ እናት።»

«እሺ» አለች መርማሪ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አሁን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ምን አየሽ?»

አሰበች። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ረጅም ጊዜ ጻፈች። ርዕሰ መምህርቷ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ከዝናብ፦ ባዶ። ከድንቡሼ፦ ሠላሳ አንድ።»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አይታወቅም። ርዕሰ መምህርቷ ግን መነጽሯን አውልቃ እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች። ድንቡሼ ስሙ ስለተጠራ እሱም ሳቀ። «አባት፣ እኔም ተቆጣጣሪ ሲመጣ ማንበብ የሚችሉትን ልጆች ፊት ለፊት እያስቀመጥኩ ነው እዚህ የደረስኩት» አለቻቸው። «ጆጉን አበባ ላይ እንኳ አልደፋሁትም።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ በጠቅላላ ስንት ዘነበ?»

«ከድንቡሼ ጋር ነው ያለ ድንቡሼ?»

«ሁለቱንም።»

መርማሪ ገጾቹን እየገለጠች፣ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የደመረችውን እያነሣች፣ በጣቷም በምላሷም እየቆጠረች ቆየች። «ያለ ድንቡሼ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ከድንቡሼ ጋር አራት መቶ አርባ ሦስት። ጠዎቹ ግን አይደመሩም፤ አሉ ግን አይደመሩም።»

«ሰኞ ሁለተኛ ክፍል ትምጣ» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

አያትየው «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ብድግ አሉ። ተመልሰው የተቀመጡት ነገሩ ሲገባቸው ነው። ካላለፈች ትሄዳለች ብለው ሲሰጉ ከርመው፣ ለካስ ማለፏም መሄዷ ነው።

እንግዳዋን ከሸኙ በኋላ እናትየው ጋውኗን ከገመዱ አውርዳ እያጠፈች መጣች። አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤት ሲሳሳት፣ ስህተቱን አይቶ ‹አልፈርምም› የሚል ሰው ብርቅ ነው» አለች። «አለቃ ሲጮህበት አልፈርምም የሚል ደግሞ ጭራሽ አላየሁም። ያቺን ልጅ ማን እንዲህ አደረጋት?»

አያትየው ጎንበስ ብለው ጫማቸው ላይ ያለውን አቧራ አራገፉ።

«ትምህርት ቤቷ እዚሁ ሰፈር ነው፤ ለምሳ ትመጣለች። ድንቡሼ ደግሞ ዘንድሮ አንተ ጋ ይቆያል። ጨዋታ ነው ያልኩህን እርሳው፣ አባዬ። ጠረጴዛዬን ግን ትመልስልኛለህ።»

«ክረምቱ ይውጣና» አሉ፤ ድምፃቸው ሰለለባቸው።

ሰኞ ጠዋት መርማሪ አዲስ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ቦርሳዋ ከጀርባዋ ሰፍቶ፣ በሩ ላይ ቆማ ለወንድሟ ደብተሩን አስረከበችው። «ጎንበስ በል። ዓይንህን ከውሃው እኩል። ደግሞ በኩባያ እንዳትሞክር» ብላ አስጠነቀቀችው። አያቷን ሁለት ጊዜ ሳመቻቸው፣ ከእናቷ ጋር ወጣች። ኮቴዋ እስኪጠፋ አያትየው በሩን አልዘጉም። ከዚያ ቤቱ ጭር አለ። ለወትሮው በዚህ ሰዓት ሃያ ጥያቄ ተጠይቀው ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሁለቱ ጓሮ ወጡ። ድንቡሼ ቆርቆሮውን ራሱ አነሣ፣ ራሱ ገለበጠ፣ ብርጭቆውንም ዘቅዝቆ አራገፈላቸው።

«ባዶ» አለ።

«ባዶ እንጽፋለና» አሉና ደብተሩን ገለጡ። በግራው ገጽ የመርማሪ ጽሑፍ አለ፤ ቁጥሮቿና ጠዎቿ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል፣ በታች በኩል ከዝናብ ባዶ፣ ከድንቡሼ ሠላሳ አንድ። መስመሩ ደበዘዘባቸው። ናፈቀቻቸው፤ ከሄደች ገና አንድ ሰዓት አልሞላትም።

ድንቡሼ ቀና ብሎ አያቸው።

«አባባ፣ ዓይንህ ላይ አለ።»

«ምን አለ?»

«ዝናብ።»

በእጃቸው ጀርባ ሊጠርጉት ሲሉ ልጁ እጃቸውን ያዘ። «ቆይ! ይለካል?»

«ይህቺማ አትለካም» አሉ።

«ግን ወርዷል።»

«አዎ። ወርዷል።»

ድንቡሼ እርሳሱን ከጣታቸው መካከል ሳበው። ደብተሩን መሬት ላይ ዘርግቶ በሆዱ ተኛ፣ ምላሱን አወጣ፣ የእህቱን ገጽ እያየ፣ እያቆመ፣ እንደገና እያየ ጻፈ። መሃል እግሩ ከሌሎቹ ረዝሞ ከመስመሩ ወጥቷል፣ ራሱም ወደ ግራ ዘሟል።

አያትየው ጎንበስ ብለው አዩት። «ይሄ ማን ነው?» አሉት፣ እንደ ወትሯቸው።

ዝናብ አላለም። «ጠ ነዋ!» አለ።